ከሳጃና እስከ ስሜን፦ በወቅት ማብቂያ ብቻውን ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው ዕቅድ

በሥራ የደከመ ሰው ዕረፍት የሚያስፈልገው መሆኑ ለማንም የተሰወረ ነገር አይደለም። ነገር ግን ዕረፍት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሥራን ትቶ መቀመጥ ሲሆን፥ ሁለተኛው አገርንና አየርን ለውጦ በእግር እየሄዱ አካልንና አሳብን ማደስ ነው። ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ የሚጠቅም ቢሆንም፥ ሳይታሰብበት የተጀመረ እንደ ሆነ ዕረፍትነቱ ቀርቶ መከራ ይሆናል። በተለይም መንገደኛው ብቻውን ሲሆን፥ ጊዜውም የጉዞው ወቅት ሊያልቅ የተቃረበበት ሲሆን፥ በመንገድ ላይ ከሚያወጣው ገንዘብ ይልቅ አስቀድሞ የሚያወጣው አሳብ የበለጠ ዋጋ አለው።

በካርቱም ከተማ በደቡብ በኩል ሳጃና የሚባል ሠፈር አለ። ስሙ የወህኒ ጠባቂዎች ከሚል የዐረብኛ ቃል የወጣ ነው። ሠፈሩ ስሚንቶ፥ ብረት፥ ሳንቃና ቀለም በሚሸጥበት ገበያው ስሙ የታወቀ ነው። በአጠገቡ ያለው የዴም ሠፈር ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የኖሩበት ስለ ሆነ፥ እ.ኤ.አ. በ2023 ጦርነት እስከ ተነሣበት ቀን ድረስ አማርኛና ትግርኛ በዚያ መንገዶች ላይ እንደ እንግዳ ቋንቋ የሚቈጠሩ አልነበሩም።

ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 380 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲነሣም ቀኑ ይጨልማል። በዚህ ጊዜ አንድ የብረት ነጋዴ ወይም አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ቢያገኝና ወደ ደጋ መውጣትን ቢመኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። የካርቱም ሰው ደጋን እጅግ የሚመኝበት ወራት የስሜን ተራራ የጉዞ ወቅት ከሚያልቅበት ወራት ጋር አንድ ነው። ሙቀቱ ሂድ ሂድ ይለዋል፤ ተራራው ግን በሩን ሊዘጋ ተዘጋጅቷል። ስለዚህ ይህ መንገደኛ ከሌሎች ይልቅ በጥንቃቄ ማቀድ ይገባዋል።

ከቆላ ወደ ደጋ የመውጣት ልማድ

በሙቀት ወራት ከቆላ ወደ ደጋ መውጣት አዲስ ነገር አይደለም። የምጽዋን ሐምሌ የቀመሰ ሰው ወደ አስመራ ሲወጣ የሚሰማውን ዕረፍት ያውቃል። ጣልያኖችም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የግዛታቸውን መናገሻ ከባሕሩ ዳር ወደ አስመራ ሲያወጡ ከምክንያቶቻቸው አንዱ ይኸው አየር ነበር። በሱዳንም እንግሊዞች በሚገዙበት ዘመን ሹማምንቱ በቀይ ባሕር ተራሮች ላይ በሲንካት አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ኤርኮዊት እየወጡ ከሙቀቱ ያርፉ ነበር። ኤርኮዊት ከፍታዋ ከ1000 ሜትር በጥቂት የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ ከፖርት ሱዳን ሙቀት ለሚሸሽ ሰው በቂ ነበረች፤ ተራራ ለመራመድ ለሚፈልግ ሰው ግን ጥቂት ናት።

ሱዳን ከዚህ የሚበልጥ ተራራ አላት። በዳርፉር ያለው ጀበል መራ 3000 ሜትር ያልፋል፤ በጫፉም ላይ ሐይቅ ያለበት የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ አለ። ነገር ግን ዳርፉር እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሰላም አጥታ የኖረች ስለ ሆነች፥ ጀበል መራ ለሽርሽር የሚሄዱበት ቦታ መሆኑ ቀርቷል። በዚያው ተራራ ላይ ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ለቀናት በወረደ ብርቱ ዝናብ ምክንያት መሬቱ ተንዶ ታርሲን የተባለችውን መንደር ከነሰዎችዋ ቀብሯታል። ይህም ተራራ በዝናብ ጊዜ ከኖረበት ሰው ጋር እንኳ ምን ያህል ሊጨክን እንደሚችል ያሳያል። የኢማቶንግ ተራሮችም እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ ሱዳን ራስዋን ስትችል ከሱዳን ካርታ ወጥተዋል። ስለዚህ የሳጃና ሰው ተራራ ባሰበ ጊዜ ዓይኑ ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ፥ ከዚያም ወደ ጎንደር ማለቱ በተፈጥሮ የመጣ ነገር ነው።

ስሜን በዓለም የታወቀ አገር ነው። ከፍተኛው ጫፍ ራስ ደጀን ከ4500 ሜትር ያልፋል። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 ደግሞ በዓለም ቅርስ መዝገብ በመጀመሪያ ከተጻፉት 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። ዋልያ የሚኖረው በዚህ ተራራ ላይ ብቻ ነው። ዋልያው በማነሱና ሰፈራው በመብዛቱ ምክንያት ፓርኩ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ገብቶ እስከ 2017 ድረስ ቈይቷል።

የስሜን ወቅት

በስሜን ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ለእግር ጉዞ የሚመረጠው ወራት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ነው። በጥቅምት ሣሩ ለምለም፥ አየሩ ጥርት ያለ፥ ምንጩ የሞላ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከመጋቢት በኋላ የወቅቱ ማብቂያ ይጀምራል፤ የሳጃናው መንገደኛም የሚደርሰው በዚህ ጊዜ ነው።

የወቅቱ ማብቂያ ጥቅም የሌለው አይደለም። የሌሊቱ ብርድ ከታኅሣሥ ይልቅ ይቀላል፤ የእንግዳው ብዛት ስለሚቀንስ በየሰፈሩ ቦታ ይገኛል፤ በቅሎና ሰውም ለመከራየት ሽሚያ የለም። ነገር ግን በዚሁ ጊዜ አራት ነገሮች ይለወጣሉ፤ ዕቅዱም በአራቱ ላይ መመሥረት ይገባዋል።

የመጀመሪያው ውሃ ነው። በዝናብ የሞሉት ምንጮችና ጅረቶች በሚያዝያ ይመነምናሉ። በጥቅምት የሄደ ወዳጅ በዚህ ቦታ ውሃ አለ ብሎ የነገረው ምክር በሚያዝያ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ መንገደኛው የዕለቱን ውሃ ከሰፈሩ ሳይነሣ ይሞላል፤ ስለ ሚቀጥለው ውሃም በዚያው ሳምንት ከዚያ የመጣውን ሰው ይጠይቃል።

ሁለተኛው እሳት ነው። በደረቅ ወራት መጨረሻ ጓሳውና አስታው እንደ ጭድ ይነድዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በመጋቢትና በሚያዝያ መካከል በፓርኩ የተነሣው ቃጠሎ በአገሬው ብርታት ብቻ የማይገታ ሆኖ፥ ከኬንያ ሄሊኮፕተር ከእስራኤልም የእሳት ማጥፋት ባለሙያዎች እስከ መምጣት ደርሷል። በዚህ ጊዜ የሚሄድ ሰው ምግቡን በቡታጋዝ ሊያበስል ይገባዋል እንጂ እንጨት ለቅሞ እሳት ማንደድ የለበትም፤ የሲጋራ ቍራጭም መጣል ከጥፋት ሁሉ የከፋ ነው።

ሦስተኛው ሰማዩ ነው። ክረምቱ ሳይገባ አስቀድሞ ከሰዓት በኋላ ደመና ይሰበሰባል፤ ነጐድጓድና በረዶ ይመጣል። በገደል አፋፍ ላይ ላለ ሰው መብረቅ ታላቅ አደጋ ነው። በዚህ ላይ የካርቱም ሰው አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባዋል። በከተማው ድልድይ ላይ ቆሞ የዓባይን መሙላት አይቶ የስሜንን ዝናብ ለመገመት አይችልም። የስሜን ውሃ የሚወርደው ወደ ተከዜ ነውና፤ ተከዜም በሱዳን አትባራ ተብሎ ከካርቱም በታች ርቆ በስተሰሜን ከዓባይ ጋር ይገናኛል። የተራራው ወሬ በሳጃና በኩል አያልፍም ማለት ነው፤ ከደባርቅ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አራተኛው የሰው ጊዜ ነው። በቅሎ ጫኙና የፓርኩ ዘብ እንደ ማንኛውም ባላገር እርሻና በዓል አላቸው። የትንሣኤ በዓል ከመጋቢት 26 ቀን አይቀድምም፤ ከሚያዝያ 30 ቀንም አያልፍም። ስለዚህ በወቅቱ ማብቂያ የሚሄድ መንገደኛ ወይም በዐቢይ ጾም መካከል ወይም በፋሲካው ሳምንት ወይም ገበሬው ለክረምቱ እርሻ በሚዘጋጅበት ጊዜ ይደርሳል። በስቅለት ዋዜማ ሰውን ከቤቱ አውጥቶ አምስት ቀን በተራራ ላይ ላቆይህ ማለት ለእንግዳው ክብር፥ ለባላገሩም ደስታ አይሆንም። የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ አይቶ ቀኑን መምረጥ ከዕቅዱ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ብዙዎች የሚረሱት ግን እርሱን ነው።

የቀን አቆጣጠር

ነጋዴ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት የሚሸጥበትን ቦታ ያውቃል። መንገደኛም ከመነሣቱ በፊት የሚመለስበትን ቀን ሊያውቅ ይገባዋል። የ14 ቀን ፈቃድ ያለው ሰው 14 ቀን በተራራ ላይ የሚያሳልፍ ይመስለዋል፤ ሒሳቡ ግን እንደዚህ አይደለም።

መንገዱ ክፍት በነበረበት ጊዜ ከካርቱም እስከ ገዳሪፍ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተብሎ አንድ ቀን ይያዝለት ነበር። ከገዳሪፍ እስከ ገላባትና መተማ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጉምሩክና የፓስፖርት ጉዳይ ስላለበት እርሱም አንድ ቀን ይቈጠራል። በሦስተኛው ቀን ከመተማ ጎንደር ይገባል። ጎንደር ከፍታዋ ከ2000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ አራተኛውን ቀን እዚያው ማረፍ ያስፈልጋል፤ ይህም ለአካል እንጂ ለስንፍና አይደለም። በአምስተኛው ቀን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደርሳል፤ በዚያም ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃዱን ያወጣል፥ ዘቡንና በቅሎ ጫኙን ይቀጥራል። ስድስተኛው ቀን ሳንቃበር ማደሪያ ነው፤ ከፍታው 3250 ሜትር ያህል። ሰባተኛው ቀን በጅንባር ፏፏቴ በኩል ግጭ ማደሪያ ነው፤ 3600 ሜትር። በስምንተኛው ቀን እሜት ጎጎ ከሚባለው የገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ቆላውን ያያል፤ ከዚያም ወደ ጨነቅ ይሻገራል። ይህ ቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት የሚያስኬድ ነው። ዘጠነኛው ቀን በጨነቅ ዋልያና ጭላዳ ለማየት፥ ጉልበት ከተገኘም ወደ ቧሂት ጥግ ወጣ ብሎ ለመመለስ ይሆናል። አሥረኛው ቀን መጠባበቂያ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን በመኪና መንገዱ ከጨነቅ ወደ ደባርቅና ወደ ጎንደር ይመለሳል። የቀሩት ሦስት ቀኖች እስከ ሳጃና ድረስ ለመመለሻው ናቸው።

እንግዲህ ከ14 ቀን ውስጥ በእግር የሚኬድባቸው አራት ብቻ ሆነው ተገኙ። ይህን ያየ ሰው ሁለት ፈተና ይመጣበታል። አንደኛው የጎንደርን ዕረፍትና የመጠባበቂያውን ቀን ሰርዞ በእነርሱ ፋንታ ራስ ደጀንን መጨመር ነው። ሁለተኛው ከሳንቃበር ይልቅ በመኪና አንድ ጊዜ ጨነቅ መድረስ ነው። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ራስ ደጀን ከጨነቅ ወዲያ የቧሂትን በር ተሻግሮ፥ የመሸሃን ወንዝ ወርዶ፥ በአምቢቆ አድሮ፥ እንደ ገና ወጥቶ የሚደረስበት ስለ ሆነ፥ መመለሻው ተጨምሮ ቢያንስ ሦስት ቀን ይወስዳል። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ እንደሚባለው፥ በጠባብ ቀን ራስ ደጀንን ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ ጨነቅንም በደንብ ሳያይ ይመለሳል።

በመኪና አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ መድረስ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በ3600 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በምጽዋ ካለው ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ያህል ብቻ ነው። ከ380 ሜትር ተነሥቶ ቶሎ የወጣ አካል ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽ፥ የእንቅልፍ ማጣት ይደርስበታል። ሕመሙ ሳይታወቅ ከባሰ ሳንባ ወይም አንጎል ውሃ ይቋጥርና ሰውን ይገድላል። ባለሙያዎች ከ3000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመክራሉ። ምልክቱ የታየበት ሰው የበለጠ አይወጣም፤ ሕመሙ የጸና እንደ ሆነ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች መውረድ አለበት። ለዚህ በሽታ ከመውረድ የሚበልጥ መድኃኒት የለም።

ብቻ መሆን ምን ማለት ነው

ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ ነገር ግን ብቻውን የወደቀም የሚያነሣው የለም። በስሜን ፓርክ የእግር መንገደኛ ስካውት የሚባለውን የታጠቀ ዘብ ሳይዝ እንዲሄድ ደንቡ አይፈቅድም። ስለዚህ በስሜን ብቻውን የሚሄድ ሰው ማለት ጓደኛ የሌለው ሰው ማለት እንጂ ሰው የሌለው ሰው ማለት አይደለም። ይህን ያላስተዋለ መንገደኛ ዘቡን እንደ ግብር ቈጥሮ ከኋላው ያስከትለዋል። ያስተዋለው ግን ከመነሻው ቀን ጀምሮ የዕቅዱ ተካፋይ ያደርገዋል።

ብቻውን የሚሄድ ሰው ትልቁ ጉድለት ጉልበት አይደለም፤ ራሱን ከውጭ ሆኖ የሚያይለት ሰው ማጣቱ ነው። የከፍታ በሽታ የያዘው ሰው መታመሙን ለማመን አይወድድም፤ አሳቡም ይዛባል። የደከመ ሰው ጫፉ ቅርብ ይመስለዋል። ሁለትና ሦስት ሆነው የሚሄዱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይመካከራሉ፤ አንዱ እንውጣ ሲል ሌላው ይብቃን ይላል። ብቻውን የሆነ ሰው ግን ይህን የሚለው ጓደኛ ስለሌለው፥ ይብቃን የሚለውን ቃል በቤቱ ተቀምጦ አእምሮው በረጋ ጊዜ በወረቀት ጽፎ መሄድ አለበት። የብቸኛ መንገደኛ ጓደኛው ዕቅዱ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ወረቀት ላይ ሦስት ነገሮች ይጻፋሉ። በመጀመሪያ የመመለሻ ሰዓት ነው። ማለዳ በ1 ሰዓት የተነሣ ሰው በ7 ሰዓት ላይ ካሰበበት ባይደርስም ይመለሳል፤ ከሰዓት በኋላ ነጐድጓድ አለና፥ ፀሐይም በዚህ ወራት የምትጠልቀው በ12 ሰዓት ተኩል ግድም ነውና። ቀጥሎ የሕመም ምልክት ነው። በዕረፍትና በውሃ የማይለቅ ራስ ምታት፥ ቀጥ ብሎ መራመድ አለመቻል፥ በተቀመጡበት ማለክለክ ከታየ ምንም ዓይነት ክርክር ሳይኖር መውረድ ነው። በመጨረሻም የገንዘብ ወሰን ነው፤ ከተመደበው ውስጥ የመመለሻው ድርሻ የተነካ ዕለት ጉዞው ያበቃል። ይህን ሁሉ ለዘቡ በሚገባው ቋንቋ አስቀድሞ መንገርና፥ በዚያች ሰዓት እንመለስ ቢለኝ አልከራከረውም ብሎ ቃል መግባት ያስፈልጋል። ዘቡ ከእንግዳው ጋር ለመከራከር የሚያፍር ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሥልጣኑን አስቀድሞ የሰጠው እንደ ሆነ ግን ያለ እፍረት ይናገራል።

ወረቀቱ በሦስት ቅጂ ይጻፍ። አንዱ ሳጃና ለሚቀረው ቤተ ሰብ ወይም የሥራ ባልደረባ፥ አንዱ በደባርቅ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት፥ አንዱ ለመንገደኛው ኪስ ይሁን። በእያንዳንዱም ላይ የየሌሊቱ ማደሪያ ስም፥ የሚመለስበት ቀን፥ እንደዚሁም ከዚያ ቀን ምን ያህል ጊዜ ካለፈ በኋላ ፍለጋ እንዲጀመር በግልጽ ይጻፍ። ቀኑ ካልተወሰነ ግን ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል እየተባለ ጊዜው ያልፋል። ስልክ አለኝ ብሎ መመካትም አይገባም፤ በገደሉ ሥርና በሸለቆው ውስጥ ስልክ የማይሰማበት ቦታ ብዙ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። አሮጌ የጉዞ መጻሕፍት በግጭ መንደር እንዳለ ይጽፋሉ። የግጭ ነዋሪዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ቢቸግረኝ ከሰው ቤት እገባለሁ ብሎ በአሮጌ ካርታ የሚተማመን መንገደኛ ያሰበውን ቤት አያገኝም።

ስንቅ፥ ውሃና ገንዘብ

በጨነቅና በካርቱም መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ3200 ሜትር ይበልጣል። በየ1000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፥ በአንድ ቀን ውስጥ የሁለቱ አገር አየር በ20 ዲግሪ ያህል ይለያያል። ስለዚህ በሳጃና ሙቀት ውስጥ ሆኖ ሻንጣውን የሚያዘጋጅ ሰው ብርድ ልብስ የሚበዛበት ይመስለዋል፤ በዚያች ሰዓት የሚሰማውን ስሜት ማመን የለበትም። ወፍራም ሹራብ፥ ዝናብ የማያስገባ ካፖርት፥ ጋቢ፥ የሌሊት ቆብ፥ አስቀድሞ በእግር የተለመደ ጫማ፥ የእጅ ባትሪ ከትርፍ ድንጋዩ ጋር፥ ለፀሐይ ባርኔጣ ያስፈልጉታል። አዲስ ጫማ ገዝቶ በዚያው ተራራ መውጣት እግርን ለቁስል አሳልፎ መስጠት ነው።

ስንቁ ቀላልና የማይበላሽ ይሁን። በሶና ቆሎ ለመንገድ የተፈጠሩ ናቸው፤ ማብሰል ስለማያስፈልጋቸውም ከእሳት አደጋ ያድናሉ። ውሃ ለአንድ ቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ይያዝ፤ ከምንጭ የተቀዳውም ሳይፈላ ወይም መድኃኒት ሳይገባበት አይጠጣ። በጾም ወራት የሄደ ሰው ከእርሱ ጋር ያሉት ሰዎች የሚጾሙ መሆናቸውን አስቦ ስንቁን ለሁሉም በሚሆን ዓይነት ያዘጋጅ።

ገንዘብን በሚመለከት፥ በተራራው ላይ ባንክ ስለሌለ ከደባርቅ ሲነሡ ለዘቡ፥ ለበቅሎ ጫኙ፥ ለመኪናው የሚከፈለውን ሁሉ በዝርዝር ይዞ መውጣት ይገባል። ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ያውቃል፦ መጠባበቂያ የሌለው ሒሳብ ሒሳብ አይባልም። ካለው ገንዘብ ሲሶው ለድንገተኛ ነገር ለብቻው ታስሮ ይቀመጥ። ዋጋውንም ከመነሣት በፊት በቃል ሳይሆን በወረቀት መስማማት፥ የተራዘመ ቀን ቢኖር የቀኑ ስንት እንደ ሆነ ጨምሮ መወሰን፥ በመጨረሻው ቀን ከሚነሣ ጭቅጭቅ ያድናል።

መንገዱ የተዘጋ እንደ ሆነ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ መንገዱ በሰላም የሚያስኬድ ሲሆን ነው። እውነቱ ግን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ የካርቱም ገበያዎች ተዘረፉ፥ ነዋሪዎቹም ተበተኑ። ከዚያች ዕለት በኋላ ብዙ ሺህ ሰዎች በገላባትና በመተማ በኩል የተሻገሩት ለሽርሽር ሳይሆን ነፍሳቸውን ለማዳን ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ግጭቱም ከዚያ በኋላ ቀጠለ። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2021 የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደባርቅ አቅራቢያ ደርሶ ነበር። የገላባት ድንበርም እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲሁም በ2024 በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ ያውቃል።

ስለዚህ የሳጃናው ሰው ዕቅድ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይኖረዋል፦ ዘንድሮ መሄድ ይገባል ወይስ አይገባም? ዕቅድ ማለት የሚሄዱበትን መወሰን ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። በደንብ የታቀደ ጉዞ ግን የሚቀርበትንም ሁኔታ አስቀድሞ የወሰነ ነው። መንገዱ በጦርነት መካከል የሚያልፍ ከሆነ፥ ወይም የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እንግዳ የማይቀበል ከሆነ፥ ወይም ዘቡ ራሱ ለመውጣት የሚፈራ ከሆነ መልሱ አይገባም ነው። ተራራው አይሰደድም፤ እስከሚቀጥለው ዓመት ይቈያል። ከመሞት መሰንበት የሚለው የአበው ቃል ለእንደዚህ ያለው ቀን የተነገረ ነው።

የአስተዳዳሪውና የነጋዴው ድርሻ

ይህ ጉዳይ የአንድ መንገደኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በደባርቅና በዙሪያው ባሉት መንደሮች ዘብነት፥ አስጎብኝነት፥ በቅሎ ኪራይና ወጥ ቤትነት የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ሆነው ኖረዋል። በወቅቱ ማብቂያ የሚመጣው እንግዳ በቍጥር ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የሚመጣው የባላገሩ ጐተራ በሚጐድልበትና አዲሱ እህል ገና በሚርቅበት ጊዜ ስለ ሆነ፥ የሚከፍለው ብር ከጥቅምቱ ብር ይልቅ ያነሣል። ጦርነቱ እንግዳውን ባስቀረ ጊዜም መጀመሪያ የተጐዱት እነዚህ ቤቶች ናቸው።

አስተዳዳሪ የሆነ ሰው እንግዲህ ሁለት ነገር ሊያስብ ይገባዋል። አንደኛው ወደ ተራራው የወጣው ሰው ሁሉ በመዝገብ እንዲጻፍ፥ መመለሱም በዚያው መዝገብ እንዲረጋገጥ ማድረግ ነው። የወጣውን ብቻ ጽፎ የተመለሰውን የማይጽፍ መዝገብ ግማሽ መዝገብ ነው፤ የጠፋውን ሰው የሚያሳውቀው የሁለተኛው ዓምድ ባዶነት ነውና። ሁለተኛው መንገዱ ለእንግዳ የማይበጅ በሆነ ጊዜ ይህንኑ ሳይደብቁ በግልጽ መናገር ነው። ዛሬ ለጥቂት ብር ሲባል መንገዱ ሰላም ነው የተባለ እንግዳ አንድ ጉዳት ቢደርስበት፥ ወሬው የብዙ ዓመት እንጀራ ይዘጋል።

ነጋዴ የሆነው ሰው ደግሞ ለሠራተኛው ፈቃድ ሲሰጥ የሚመለስበትን ቀን ከመቍጠር አልፎ የሚሄድበትን ቦታ ቢጠይቅ፥ የተጻፈውን ወረቀት ተቀብሎ በመሳቢያው ቢያስቀምጥ፥ በቀኑ ያልተመለሰ እንደ ሆነም ቀረ ብሎ ከደመወዙ ከመቍረጥ በፊት ወደ ደባርቅ ቢደውል፥ ይህ ከማንኛውም በጎ ሥራ የማያንስ ነው።

በሳጃና ገበያ ብረትና ስሚንቶ የሚሸጥ ሰው ቤት ሊሠራ ለሚመጣ ደንበኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጣራው ቀለም ሳይሆን ስለ መሠረቱ ጥልቀት ነው። ጉዞም እንደዚሁ ነው። ጫፉን ማየት ቀለሙ ነው፤ መሠረቱ የመመለሻው ቀን፥ የመመለሻው ሰዓትና የመመለሻው ገንዘብ ነው። እነዚህን ሦስቱን በወረቀት የጻፈ ሰው፥ አገሩ ሰላም በሆነ ጊዜ በሚያዝያ ቢሄድ ከእሜት ጎጎ አፋፍ ላይ ቆሞ ቆላውን አይቶ ይመለሳል። ያልጻፈ ሰው ግን በጥቅምት በጥሩው ወቅት እንኳ ቢሆን ባይነሣ ይሻለዋል።